የአግሮፎረስትሪ ፓኬጅ ግምገማ፦ ለዛፉ አራት ተኩል፣ ለአቅርቦቱ ሁለት ኮከብ

ዛፍንና ሰብልን አንድ ማሳ ላይ አጣምሮ ማልማት፣ ጥምር እርሻ ወይም አግሮፎረስትሪ የሚባለው፣ ለገበሬው የሚቀርብበት የተለመደ መንገድ አለ። የተወሰነ ችግኝ፣ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ በራሪ ወረቀት፣ ከዚያ ፎቶ ተነስቶ መሄድ። ፓኬጅ የሚባለውን ይህን ነገር ዛሬ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ልገመግመው ነው። አገልግሎት ነውና። ደንበኛው ገበሬው ነው። በገንዘብ ባይከፍል እንኳ በመሬቱ፣ በጉልበቱና በጊዜው ይከፍላል፤ ለገበሬ ከዚህ የበለጠ ውድ ክፍያ የለም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዛፉ ከአምስት አራት ተኩል ኮከብ ይገባዋል፣ ስለሚሠራ። አቅርቦቱ ሁለት፣ ገበሬውን እንደ ደንበኛ ስለማያየው። ብዙ ቦታ የሚቆጠረው ስንት ችግኝ ተከፋፈለ የሚለው ነው። ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱ ቤት ውስጥ እንጀራ ሆነ የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከዛፉ ልጀምር። ፋይደርቢያ አልቢዳ የሚባል የግራር ዘመድ አለ። ከሌሎች ዛፎች በተቃራኒ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ደግሞ ይለመልማል። አስቡት እንግዲህ፤ ሰብሉ ብርሃንና ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት ዛፉ ቅጠል አልባ ሆኖ ይቆማል፣ ከላይ አያጠላበትም፣ ከታችም ብዙ አይሻማውም፣ የረገፈው ቅጠል ደግሞ እዚያው አፈሩ ላይ ወድቆ ይበሰብሳል። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ቅጠሉና ፍሬው መኖ ይሆናል። ዛምቢያ ውስጥ በሄክታር 100 ዛፍ፣ በ10 ሜትር በ10 ሜትር ርቀት ይተከል ተብሎ የተመከረው ለዚህ ነው። በመሃሉ እንደልብ ይታረሳል።

ሌሎቹም የየራሳቸው ሙያ አላቸው። ግሊሪሲዲያ፣ ሰስባንያና የርግብ አተር ከጥራጥሬ ወገን ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ። ቅጠላቸው ተቆርጦ አፈር ውስጥ ሲገባ ያ ናይትሮጅን ለሰብሉ ይደርሳል። ጥልቅ ሥር ያላቸው ዛፎች ደግሞ የሰብል ሥር ከማይደርስበት ቦታ ንጥረ ነገር ስበው በቅጠል መልክ ወደ ላይ ይመልሱታል። ተዳፋት መሬት ላይ ኮንቱሩን፣ ማለትም በእኩል ከፍታ የሚሄደውን መስመር፣ ተከትሎ የተተከለ ረድፍ ጎርፉን ያበርደዋል፣ አፈሩም ሳይታጠብ ይቀራል። ደቡብ ማላዊ ውስጥ ማሳው ጠባብ ነው፣ መሬት ጾም ማሳደር አይታሰብም። ስለዚህ ማኮካ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ግሊሪሲዲያን በበቆሎው መሃል ተከሉት። በየጊዜው ይቆረጣል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ አፈር ይሆናል። በቆሎውም እዚያው በየዓመቱ ይዘራል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። እነዚህ ዛፎች ናይትሮጅን ያመጣሉ እንጂ ፎስፎረስ ከአየር አያመጡም። ፎስፎረስ የጎደለው መሬት ላይ ፍግ ወይም ማዳበሪያ መጨመር የግድ ነው። ሥልጠና ላይ ቆሞ «ከእንግዲህ ማዳበሪያ አትገዙም» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ገበሬው ያምናል፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ሲያንስ ዛፉን ይነቅላል፣ ከዚያ በኋላ እውነቱን ይዞ የሚመጣውን ሰው እንኳ አይሰማም። ተጋኖ የተነገረ አንድ ነገር ለብዙ ዓመት ይጎዳል።

ደግሞ ነገሩ ለገበሬ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዓለም ላይ ካለው የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ቢያንስ 10 በመቶ የዛፍ ሽፋን ነበረው። ሳይንሱ ራሱን ችሎ የተደራጀው ዘግይቶ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የአግሮፎረስትሪ ምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1978 ነው። ገበሬው ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት ሲሠራው ኖሯል። ዩኔስኮ በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድርም ይኸው ነው፤ ትልልቁ ዛፍ እንሰቱን ያስጠልላል፣ ከሥሩ ቡናው ይበቅላል። ታዲያ አሠልጣኙ ገበሬውን ምንም እንደማያውቅ ሰው አስቀምጦ ሲያስተምረው ማየት ያሳዝነኛል። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረበት። ማሳህ ላይ የቱን ዛፍ ሳትቆርጥ ተውከው? ለምን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከበራሪ ወረቀቱ የበለጠ ይጠቅማሉ።

ለዛፉ ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት በጊዜ ምክንያት ነው። ፋይደርቢያ ጥቅሙን ለማሳየት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። የተዳቀለ የፍራፍሬ ችግኝ እንኳ ቢፈጥን ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፣ ለጣውላ የሚሆነው ደግሞ ከዚያም በላይ። የገበሬው ልጆች ግን ዘንድሮ ይበላሉ፣ ዘንድሮ ይማራሉ። ለዚህ ነው ማንኛውንም ፓኬጅ ስገመግም መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ብቻ የሆነው፦ በመጀመሪያው ዓመት እጅ የሚገባ ምን አለው? ምንም ከሌለው የቀረውን ማንበብም አልፈልግም።

በዚህ በኩል እስካሁን ካየሁት ሁሉ አንደኛ የምለው የመኖ ቁጥቋጦውን ነው። ኬንያ ውስጥ ኤምቡ አካባቢ የተሠራው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካሊያንድራ የሚባለውን ቁጥቋጦ በማሳ ድንበር፣ በግቢ አጥርና በእርከን ጠርዝ ላይ ተከሉት። ሰብል የሚበቅልበትን መሬት አልነካም ማለት ነው። በአንድ ዓመት ገደማ መቆረጥ ይጀምራል። አንዲት የወተት ላም ዓመቱን ሙሉ ለመደጎም 500 ያህል ቁጥቋጦ ይበቃል ተብሎ ይሰላል፤ 6 ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል 2 ኪሎ የሚሆን የተገዛ መኖ ይተካል። ገበሬዋ ልዩነቱን የምታየው ወተት ስትለካ ነው። ሪፖርት አያስፈልጋትም። እንዲህ ዓይነት ቁጥቋጦ በምሥራቅ አፍሪካ ከ200,000 በላይ አነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ ደርሷል፣ የደረሰውም ጎረቤት ከጎረቤት እያየና ዘር እየተቀባበለ ጭምር ነው። ለዚህኛው አምስት ኮከብ፣ ያለ ምንም ማመንታት።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው ደግሞ በረድፍ መሃል እርሻ የሚባለውን ነው። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ባለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ኢንስቲትዩት ተሠርቶ በ1980ዎቹ በጣም ተወርቶለት ነበር። ሉኪንያ የሚባለው ዛፍ ወይም ግሊሪሲዲያ በረጅም ረድፍ ይተከላል፣ በረድፎቹ መሃል ሰብል ይዘራል፣ ረድፉ በየጊዜው እየተቆረጠ ቅጠሉ አፈር ላይ ይበተናል። በምርምር ጣቢያው ውጤቱ ያምር ነበር። ገበሬው ማሳ ላይ ሲደርስ ግን ጉልበት ፈጀ። መቆረጥ ያለበት ልክ አረምና ኩትኳቶ በሚበዛበት ሰሞን ነው፤ አንድ ዙር ካለፈ ረድፉ ያድግና ሰብሉን ያጠላበታል፣ ዝናብ አጠር በሆነ ቦታ ደግሞ ውሃውን ይሻማዋል። ገበሬዎች ሞከሩት፣ አብዛኞቹም ተዉት። ሰነፍ ስለሆኑ አልነበረም። የሚቆርጠው ሰው ጉልበት ሒሳቡ ውስጥ ስላልገባ ነው። ፓኬጅ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ እስካሁን የጉልበት የቀን መቁጠሪያ የሌለው ፓኬጅ ሲታደል እያየሁ ነውና።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። ችግኝ የማያስፈልገው ነው። ኒጀር፣ ማራዲ አካባቢ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ዛፍ ያስተክል ነበር። የተተከለው አብዛኛው ይደርቃል። በኋላ ግን ሜዳው ላይ የሚታየው ቁጥቋጦ እውነተኛ ቁጥቋጦ እንዳልሆነ አስተዋለ፤ የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ነው የሚያቆጠቁጠው፣ ከሥር ያለው ሥር በሕይወት አለ። በየዓመቱ ገበሬው ለእርሻ ሲመነጥረው፣ ከብትም ሲበላው ነው ዛፍ መሆን ያቃተው። መፍትሔውም መተው ነው፣ ግን በዘዴ መተው። ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ሦስት አራት ትመርጣላችሁ። የቀረውን ትቆርጣላችሁ። የተመረጡትን የጎን ቅርንጫፍ እስከ ቁመታቸው እኩሌታ ድረስ ትመለምላላችሁ። በየጊዜው እየተመለሳችሁ ትደግሙታላችሁ። ሥሩ ድሮም እዚያው ስላለ እድገቱ ፈጣን ነው፤ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ደግሞ ማገዶ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቤት ይገባል።

ይህ ነገር ኒጀር ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር ተስፋፍቷል፣ በ200 ሚሊዮን የሚገመት ዛፍም ተመልሷል። ሪናውዶ በ2018 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝቷል። እኔን ከሽልማቱ በላይ የሚገርመኝ ወጪው ነው። መጥረቢያና ቢላዋ። እንግዲህ ሕያው ጉቶ ባለበት ማሳ ላይ በመኪና ችግኝ ጭኖ የሚመጣ ፕሮግራም ካያችሁ መጀመሪያ መሬቱን ዞሮ ያየ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ለዚህ ዘዴ አምስት ኮከብ፣ ጉቶ በሌለበት ቦታ ግን እንደማይሠራ ታውቆ።

የኒጀሩ ነገር የተሳካበት ሌላ ምክንያትም አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን በመጣ ሕግ ዛፍ የመንግሥት ነበር፤ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ያደገውን ቢቆርጥ ይቀጣል። እንዲህ ከሆነ ብልህ ሰው ቀንበጡን ገና በለጋው ይነቅለዋል፣ ነገ ጣጣ እንዳያመጣበት። ሕጉ ሲላላና ገበሬው ዛፉን የእኔ ማለት ሲጀምር ነው ማቆየት የጀመረው። ሕንድም በ2014 ከዓለም የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የአግሮፎረስትሪ ፖሊሲ ስታወጣ ከተነሱት ዋና ጉዳዮች አንዱ ገበሬው የራሱን ዛፍ ለመቁረጥና ለማጓጓዝ የሚጠየቀው የፈቃድ ጣጣ ነበር። ይህ ጉዳይ በሥልጠና ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም ማለት እችላለሁ። ስለ ናይትሮጅን ይወራል፣ ዛፉ ከአየር ስለሚይዘው ካርቦን ይወራል። «ሲደርስ መቁረጥ እችላለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ግን «እሱን የሚመለከተው ክፍል ጠይቅ» ይባላል። ያ ገበሬ ምን ያህል ተስፋ ቆርጦ እንደሚወጣ ፊቱን ማየት በቂ ነው። በመሬት ኪራይ የሚያርሰውማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ለሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርት የሚሰጠው የርግብ አተር እንጂ ማንጎ ሊሰጠው አይገባም።

ወደ ችግኙ ጥራት ስመጣ ኮከብ መስጠት ያቅተኛል። አንድ ችግኝ ጣቢያ ያመጣውን አይቼ በጣም አዝኛለሁ። ቁመቱ ያማረ፣ ግንዱ ቀጭን፣ ከፕላስቲኩ ሲወጣ ሥሩ ታች ተጠቅልሎ የተቋጠረ። የመጣው ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል። እንዲህ ያለ ችግኝ ቢጸድቅ እንኳ ሥሩ በራሱ ላይ ስለሚዞር ዓመታት ቆይቶ ነፋስ ይጥለዋል ወይም ይቀጭጫል። ገበሬዎቹ ግን ተሰልፈው ተቀበሉ፣ በነጻ ነዋ። ስለዚህ እባካችሁ፣ በነጻም ቢሆን አንድ ሁለቱን አውጥታችሁ እዩ። ሥሩ ነጭና ቀጥ ያለ ይሁን። ግንዱ ከቁመቱ ጋር የሚመጣጠን ውፍረት ይኑረው። ከጣቢያው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ውሃና ጥላ ተቀንሶለት ጸሐይ የለመደ መሆኑን ጠይቁ። ሲተከል ፕላስቲኩ መውጣት አለበት፤ ይህን የምጽፈው ከነፕላስቲኩ የተተከለ ስለማይ ነው። ጊዜው ደግሞ ዝናቡ ገብቶ አፈሩ ሲርስ ነው፣ ሊወጣ ሲል አይደለም።

አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ማከፋፈልም ሌላው ችግር ነው። የሉኪንያን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ተዓምረኛ ዛፍ ተብሎ በሐሩር አገሮች ሁሉ ተተከለ። በ1980ዎቹ ቅጠሉን እየመጠጠች የምታደርቅ ትንሽዬ ነፍሳት ከፓስፊክ ደሴቶች ወደ እስያ ተዛመተች፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፍሪካ ደረሰች። መኖውን በሙሉ በሉኪንያ ላይ የጣለ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ሉኪንያ ሚሞሲን የሚባል ለከብት ጎጂ ነገርም ስላለው ከአጠቃላይ መኖው ሲሶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህም ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሁለት ሦስት ዓይነት የመኖ ቁጥቋጦ፣ ሁለት ዓይነት ፍራፍሬ፣ ድንበር ላይ ለእንጨት የሚሆን፤ እኔ እንዲህ የተሰባጠረ ነገር ሳይ ነው ደስ የሚለኝ።

ዛፍና ሰብል ይሻማሉ ወይ? አዎ፣ ይሻማሉ። መደበቅ አያስፈልግም። ባህር ዛፍ ከሰብል አጠገብ ምን እንደሚያደርግ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። ግራቪሊያ የተሻለ ጎረቤት ነው፣ ሥሩም ቅርንጫፉም ቢቆረጥ ይችላል፤ ግን መቆረጥ አለበት። ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቦይ ቆፍሮ ወደ ማሳው የሚሄዱትን ሥሮች መቁረጥ፣ ከታች ያለውን ቅርንጫፍ በየዓመቱ መመልመል። ይህን በወረቀት ማስተማር አይቻልም። አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ቆሞ፣ መጋዝ ይዞ፣ የትኛውን ቆርጦ የትኛውን እንደሚተው በእጁ ማሳየት አለበት። የአዳራሽ ሥልጠና የሚባለውን ነገር ለዚህ ሥራ አንድ ኮከብ ነው የምሰጠው።

ማን እንደሚጠራም እዩ። ሥልጠናው ላይ የሚቀመጠው አባወራው ነው። ማገዶ የምትለቅመው፣ ላሟን የምትመግበው፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ችግኝ ውሃ የምታጠጣው ግን ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት። እሷ ሳትጠየቅ የተመረጠ ዛፍ እሷ ውሃ ካላጠጣችው ይደርቃል። ለእሷ ማገዶው ቤት አጠገብ መሆኑ ከካርቦኑ ሁሉ ይበልጣል፣ ልክም ናት።

ገበያውንም ቢሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው። አንድ አካባቢ ሁሉም አንድ ዓይነት ማንጎ ከተከለ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይደርሳል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ፍሬው ከዛፍ ሥር ይበሰብሳል። በተለያየ ጊዜ የሚደርሱ ዝርያዎችን መቀላቀል ወጪ የለውም፣ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እናንተ ገበሬ ከሆናችሁ ወይም ገበሬ ቤተሰብ ካላችሁ፣ ችግኝ ይዞ የሚመጣውን ሰው እነዚህን ጠይቁልኝ። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ምን አገኛለሁ? በሥራ ሰሞን ስንት ቀን ጉልበት ይፈልጋል? ሲደርስ የመቁረጥና የመሸጥ መብቱ የማን ነው፣ በጽሑፍ አለ ወይ? የደረቀውን ትተኩልኛላችሁ? ከበጋው በኋላ ተመልሶ የሚያይ ሰው ማን ነው፣ ስልኩስ? መልስ ያለው ሰው ከመጣ ተቀበሉት፣ በደስታ። መልስ ከሌለው ግን ቦታ ከመቆፈራችሁ በፊት ማሳችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ካለ ጠንካራዎቹን ሦስት ቀንበጥ ምረጡና ምልክት አድርጉባቸው፣ የሚያርሰው ሰው እንዳይቆርጣቸው።